የበርሜሉ ሰውዬ

ባለቤቴና እኔ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ በርሜል ማጠብ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ተራችን ከመድረሱ በፊት ሰማያዊውን የፕላስቲክ በርሜል አሟጠን ጓሮ እናወጣውና በጎኑ አጋድመን እናጥበዋለን። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ወገቡ ይገባበታል፤ ታች የያዘውን የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር በብሩሽ ይፈገፍጋል። የእኔ ድርሻ በርሜሉ እንዳይንከባለል በጉልበቶቼ ደግፎ መያዝ ነው። ሥራው ሁለት ሰው የሚፈልግ አልነበረም። ግራና ቀኝ ድንጋይ ቢደገፍበት ይበቃ ነበር። አንድም ቀን ድንጋይ ፈልገን አናውቅም።

ልጃችን ያኔ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። አባቷ ከወገቡ በላይ በርሜሉ ውስጥ ሲሰወር ለእሷ አባቷ መሆኑ ይቀራል። ድምፁ ወፍሮና አስተጋብቶ ስለሚወጣ «የበርሜሉ ሰውዬ» ይሆናል። ሲጀምሩት ለሳቅ ነበር፤ እየቆየ ግን የቤታችን ደንብ ሆነ። እኛ ስንጠይቃት ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ የምትዘጋበትን ጉዳይ ሁሉ ለበርሜሉ ሰውዬ ትናገራለች። የተሰበረው ብርጭቆ፣ ከጓደኛዋ ወስዳ ያልመለሰችው እርሳስ፣ ጨለማ መፍራቷ፣ ሁሉም የተሰማው በዚያ በኩል ነው። እሱም ወጥቶ ፊቱን ሲታጠብ የሰማውን አያነሳም። «የነገረችው ለእኔ አይደለም» ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ቅዳሜም መጣች።

«እዚህ ግቢ ጥርሷን ሳትቦርሽ የወጣች ልጅ አለች አሉኝ» አለ የበርሜሉ ሰውዬ።

«ማን ነገረህ?»

«ዝንብ።»

«ዝንብ ውሸታም ነው። ቦርሻለሁ።»

«እስቲ እፍ በይብኝ።»

አፏን በርሜሉ አፍ ላይ ደቅና ባላት ኃይል እፍ አለች። ውስጥ ያለው ሰው «ወይኔ፣ ሞትኩ!» ብሎ እግሩን አንፈራገጠና ዝም አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ብሩሹ እንደገና መፈግፈግ ጀመረ። እሷ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ስስቅ ጉልበቴ ላላና በርሜሉ እሱን እንደያዘ ግማሽ ዙር ተንከባለለ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልሆነም። ውኃው መጣ፣ ሞላን፣ ክዳኑን ገጠምን።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ሊያበላት ቃል ገብቶላት ነበር። ከገጠር እንግዶች ድንገት መጡና ቀረ። ሰኞ ደግሞ እሱ ፊልድ ወጪ ነው። የእንስሳት ሐኪም ስለነበር ከብት ለማስከተብ ወረዳ ለወረዳ ይዞር ነበር፤ ሲመለስ ከመንገድ ዳር አናናስ ገዝቶ፣ ከበሩ ውጭ ሆኖ «የአናናስ ነጋዴ ነኝ» እያለ ያንኳኳል። የዚያን ሰኞ ሊሰናበታት ሲፈልጋት የለችም፤ በዓሣው አኩርፋለች። ከሳሎኑ መጋረጃ ሥር ጫማዋ ይታያል። መጋረጃውን ለመሳም ጎንበስ አለ፤ ወደ ውስጥ ሸሸችበት። ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነበር።

«እሺ፣ ስመለስ እንታረቃለን» አለ ለመጋረጃው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ደወለ። ልጅቷ ጎረቤት ነበረች። ኩርፊያው አለቀ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን ስምህን አላነሳችም አልኩት። ረጅም ሳቅ ሳቀ። እናቷን ነው የመሰለችው አለ። ስለ ስኳርና ስለ ቤት ኪራይ ጥቂት አወራንና ዘጋን።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከክትባት ሥራ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ደረቴን አለ። ጤና ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ሕይወቱ አለፈች።

ለእኔ የተነገረኝ ሐሙስ ንጋት ነው። ረቡዕ ማታ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደውለው ትንሽ እንዳመመውና ወደ ሐዋሳ እንደሚያመጡት ብቻ ነገሩኝ፤ በሚቀጥለው ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ። በር ላይ ሳያቸው ገባኝ። እንደኛ ልማድ መርዶ ሲነጋ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው የሚነገረው። እነሱ ሲያውቁ እኔ እራት በልቼ አድሬያለሁ። ያችን ሌሊት ስለ ሰጡኝ ላመስግናቸው ወይስ ልቆጣቸው፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ለልጄ ግን አንድ ሌሊት ብቻ አልነበረም የሰጧት።

ድንኳኑ ሳይተከል ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ወሰደቻት። ጎረቤቴ መናኸሪያ አካባቢ ጨርቅ የምትነግድ ሙስሊም ናት፤ የእኔም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከእሷ ሱቅ አጠገብ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏት። ልጄን ከእነሱ ጋር አብልታ አስተኝታ፣ ሐዘኑ እስኪቀዘቅዝ አቆየቻት። ልጄ ቀብሩንም ድንኳኑንም አላየችም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምላቸው፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ ቃል አወጡ። ልጅ ሞት አይነገረውም፣ ይሰበራል አሉ። ስትጠይቅ አባትሽ ፊልድ ነው በሏት፤ ሥራ በዝቶበት ነው በሏት፤ ስታድግ ራሷ ትደርስበታለች። ማንም አልተቃወመም። እኔም በዚያን ጊዜ ለመቃወም ቀርቶ ለመቀመጥም አቅም አልነበረኝም። ደግሞም በፍቅር የተባለ ነበር። እሳቸው ወንድማቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ ለዚያች ልጅ ዓይናቸውን አውጥተው ይሰጣሉ።

ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ አባዬ መጣ ወይ የሚል ነበር። ገና ፊልድ ነው አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ቀላልነቱ አስደነገጠኝ። እውነትም ስንት ጊዜ ያልነው ዓረፍተ ነገር ነው።

ውሸቱ ከዚያ በኋላ እንክብካቤ ፈለገ። እኔ ጥቁር ልብሴን ጎረቤቴ ቤት አስቀመጥኩ፤ ጠዋት እዚያ ገብቼ ጥቁር እለብሳለሁ፣ ማታ እዚያው አውልቄ ባለ አበባ ቀሚሴን ለብሼ ቤቴ እገባለሁ። ጋሼ ደግሞ በየቅዳሜው አናናስ ገዝተው እየመጡ «አባትሽ ላከልሽ» ይሏታል። አማቴ ከገጠር መጥተው አብረውን ስለተቀመጡ ለቅሶ ደራሽ አይጠፋም፤ ሰዎቹ ስለ ልጃቸው ሞት የሚያነሱት ልጅቷ ባለችበትም ቢሆን በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ነው፤ ለእሷ ደግሞ በአማርኛ አባትሽ በቅርቡ ይመጣል ይሏታል። እኔ ሲዳሙ አፎ ሰላምታ ከመስጠት አላልፍም። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ልጅቷ አትሰማም አልን። ከተወለደች ጀምሮ አባቷ ሲያጥባት፣ ሲያስተኛት፣ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት በምን ቋንቋ እንደሚያወራት ከእኛ መካከል ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ።

ልጅቷ ተለወጠች። ካቆመች ሁለት ዓመት ያለፋት ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች። እኔ መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩ ላይ ትቀመጥና በየመሐሉ «አለሽ?» ትላለች። መኪና ሲቆም ሮጣ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ያገኘችውን ትመታለች፣ ወንበርም ይሁን አያቷን። አናናሱን አትበላም። አልጋዋ ሥር ሸሽጋው ሲበሰብስ በጠረኑ አገኘሁት። ለምን ስላት፣ ራሱ ያምጣው አለችኝ። ዘመዶች ባለጌ ሆነች አሉ። እጅ አሳርፊባት ያሉኝም ነበሩ። አንዷ አክስት ጋኔን እንዳይሆን እንጸልይላት አለች። ጸለይንላት። ጸሎቱን አልነቅፍም፤ ብቻ ስንጸልይ ልጅቷ የእያንዳንዳችንን ፊት በየተራ እያየች ነበር።

ከዚያ ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። የክፍሏን ልጅ ክንዷ ላይ ነክሳታለች። መምህሯ ወጣት ናት፤ ሳትቆጣ፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የተነከሰችው ልጅ ምን ብላት እንደሆነ ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ።

«አባትሽ ሞቷል አለቻት። የእርስዎ ልጅ ውሸታም ብላ ነከሰቻት» አለችኝ።

ያቺ ልጅ ያለችው እውነት ነበር። እውነት በመናገሯ ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት ወጥቶባታል። እናቷ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ ግን ሳላብራራ ቀረሁ፣ ልጄ ልብሴን ይዛ ቆማ ስለነበር።

መምህሯ በመከረችኝ መሠረት ሆስፒታል ሄድኩ፤ እዚያ ልጆችን የምታይ የአእምሮ ጤና ነርስ አለች። ልጅቷን ቀለምና ወረቀት ሰጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻትና በኋላ እኔን ብቻዬን አነጋገረችኝ። ልጄ እንዳልባለገች፣ እንደፈራች ነገረችኝ። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ሞት መመለስ የሌለው መሆኑን ለመረዳት ግልጽ ቃል እንደሚያስፈልጋት፣ ሄደ ወይም ተኛ ከተባለች መጠበቋን እንደማታቆም፣ መተኛትም መሄድም እንደሚያስፈራት አስረዳችኝ። ሰዓቷን ጠብቃ መብላቷና መተኛቷ እንዲቀጥል፣ ማልቀስ ካማረኝም ፊቷ እንዳለቅስ መከረችኝ። አልጋ ስታረጥብ ሳልናገራት አንሶላውን አብረን እንድንቀይር ነገረችኝ። አንድ ነገር ደግሞ ስወጣ በሩ ላይ ይዛኝ አለች፤

«ያልነገሯትን ባዶ ቦታ ራሷ ትሞላዋለች። ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት በራሳቸው ጥፋት ነው።»

ለጋሼ የዚያኑ ቀን ነገርኳቸው። ጓሮ፣ በርሜሉ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ነርሷን ሰደቡ። ወልዳ የማታውቅ ልጅ ናት አሉ። ከዚያ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ታገሺ አሉኝ። ከዚያ እስከ ገና አሉኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ አገላበጡት።

«እህቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አናናሱን ስገዛ» አሉኝ፣ «እሱ ያዘዘኝ ይመስለኛል። ለእሷ ከነገርናት፣ ለእኔም እሱ ያልቅብኛል።»

ያኔ ነው የገባኝ። ያንን ውሸት ስንጠብቅ የኖርነው ለልጅቷ ብቻ አልነበረም። እኔም ባለ አበባውን ቀሚስ ስለብስ ከበሩ እስከ ሳሎን ድረስ ባለቤቴ ፊልድ የሄደብኝ ሴት ነበርኩ። ያቺን ጥቂት መንገድ ወድጃት ነበር። ለጋሼ ይህንን አልነገርኳቸውም። እጃቸውን ብቻ ያዝኩ። አልተስማሙም፣ አልከለከሉምም።

ቢሆንም ቀኑን ገፋሁት። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ ጉንፋን ይዟታል እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ በርሜሉ በጎኑ ተጋድሞ አየሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አልታጠበም ነበር፤ ውኃ የምንይዘው በጀሪካን ነው። ልጄ ባዶውን በርሜል ራሷ ገፍታ ጥላዋለች። እስከ ወገቧ ገብታ እግሯ ብቻ ይታያል። ድምፅዋ ወፍሮ ይወጣል።

«ኩርፊያዬ አልቋል» ትላለች። «የበርሜሉ ሰውዬ፣ ለአባዬ ንገረው። አልቋል በለው። ዓሣውንም ተወው በለው።»

ከዚያ መልስ ጠበቀች።

የእርጥብ ልብሱን ባልዲ አስቀመጥኩ። በርሜሉ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዝ ስለነበር ሄጄ ተንበረከክሁና እንደ ልማዴ በጉልበቶቼ ደገፍኩት። መያዙ ተሰማት። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ወጣች፤ ፊቷ ላይ የደረቀ አረንጓዴ ተለጥፏል። ቀና ብላ ስታየኝ ከእኔ በፊት እሷ ተናገረች።

«አያቴ በሲዳሙ አፎ ሞቷል ትላለች። አንቺ በአማርኛ ፊልድ ነው ትያለሽ። የቱ ነው?»

ስንት ጊዜ ይዛው እንደኖረች እግዚአብሔር ያውቃል። ነርሷ እንዳለችው ለማድረግ፣ ቃሉን ሳልሸፋፍን ለማለት ሞከርኩ።

«አያትሽ ያሉት ነው፣ የኔ እናት። አባዬ ሞቷል። ልቡ ታመመና መሥራት አቆመ። ፊልድ ነው ያልንሽ እንዳታዝኚ ብለን ነው። ልክ አልነበረም።»

«እንደ በርሜሉ ሰውዬ ነው የሞተው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እፍ ስትልበት ሞትኩ ብሎ መንፈራገጡ፣ ዝም ማለቱ፣ ብሩሹ እንደገና መጀመሩ።

«አይደለም። ያ ጨዋታ ነው። በጨዋታ የሞተ ይነሣል። አባዬ የሞተው እውነተኛውን ነው፤ አይነሣም። አይመጣም።»

«እኔ እፍ ስላልኩበት ነው?»

«አይደለም።»

«ስላኮረፍኩት ነው?»

ያን ጊዜ የማክሰኞውን ስልክ ነገርኳት። አስቀድሜ ልነግራት አልቻልኩም ነበር፤ ሰውዬው ፊልድ ነው እየተባለ የመጨረሻው ስልክ እንዴት ይወራል? ስለ ኩርፊያዋ ጠይቆ እንደነበር፣ እስካሁን ስምህን አላነሳችም ስለው እንደሳቀ፣ እናቷን ነው የመሰለችው እንዳለ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እንዴት እንደሳቀ አሳዪኝ አለችኝ። የእሱን ሳቅ መሳቅ ሞከርኩ። መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። እሷ ሳቁንም ልቅሶውንም በትኩረት ተመለከተችና ጭኔ ላይ ወጥታ አለቀሰች፤ ከእሱ ሞት በኋላ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አማቴ ከኩሽና ወጥተው አጠገባችን መሬት ላይ ተቀመጡ። በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም በሲዳሙ አፎ መለሰችላቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ራበኝ አለች። ዳቦ በሻይ ሰጠኋት። በልታ የጎረቤቴን ልጆች ፍለጋ ሮጠች። ልጆች እንደዚህ እንደሆኑ አላውቅም ነበር፤ ሐዘን ገብተው ይወጣሉ፣ እንደገና ይገባሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፤ በቤታችን ውሸት በቅቶናል። አልጋውን አሁንም አንዳንዴ ታረጥባለች፤ አንሶላውን አብረን እንቀይራለን። የጥያቄዎቿም ብዛት መድረሻ ያሳጣኛል። መሬት ውስጥ ይሞቀዋል ወይ፣ አንቺስ መቼ ነው፣ ከብቶቹን አሁን ማን ይከትባል። የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። መታጠቢያ ቤት በሩ ላይ መቀመጥ ግን ተወች። ወደ መቃብሩ ወሰድኳት፤ ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰችና ጠባብ ነው አለች። የነከሰቻትን ልጅ ቤት ሄደን፣ ያለችው እውነት እንደነበር ፊት ለፊት ነገርናት። ልጅቷ ክንዷን አሳየችን፤ ምልክቱ ጠፍቶ ነበር። ሁለቱ አሁን አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

ጥቁሩን ልብሴን ከጎረቤቴ ቤት ላመጣ ስሄድ ልጄ አብራኝ መጣች። ከቁም ሣጥኑ ጎን የት ጋ እንደተሰቀለ ሄዳ አሳየችኝ። ጎረቤቴ አይታ «ለካ ታውቅ ኖሯል፤ እኔና አንቺ እኮ የተደበቅነው ከራሳችን ነው» አለችኝ።

ጋሼ ለሁለት ሳምንት አልመጡም። በሦስተኛው ቅዳሜ አናናስ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልጅቷ ከፈተችላቸው። ማን ላከው ብላ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነኝ የገዛሁት» አሉ። አንገታቸውን ደፉ።

ተቀብላቸው ወደ ኩሽና ገባች፤ ቆራርጠን አብረን በላን። የአባዬ ይጣፍጥ ነበር፣ መምረጥ አታውቅም አለቻቸው። እንድታስተምራቸው ለመኗት። በሚቀጥለው ሳምንት በባጃጅ ገበያ ይዘዋት ሄዱ፤ ከእሷ ይልቅ እሳቸው ተደስተው ተመለሱ።

ይህንን የምጽፈው ሱቅ ውስጥ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ጥቂት ጥቂት ነው የሚሄድልኝ። አንዳንዱን መስመር ጽፌ ለቀናት እተወዋለሁ። እሱን ያጣሁበት ቦታ አልሞላም፤ ለመሙላትም አልቸኩልም።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት በርሜሉን የማጥበው እኔ ነኝ። ልጄ እንዳይንከባለል በጉልበቶቿ ትደግፍልኛለች።